አዲስ አሠልጣኝ ከተጫዋቾቹ ምን ይወስዳል? በምትኩስ ምን ይሰጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የማይተዋወቁ ቢሆኑም፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፤ አዲስ የመጣ ዋና አሠልጣኝ የተጫዋቾቹን የአካል ብቃት፣ አመጋገብና ሥርዓት ለመለወጥ ሲነሣ ምን ሊያተርፍ፣ የትስ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን ሐሳባቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምደግፈው ክለብ በውድድር ዓመቱ አጋማሽ ላይ አሠልጣኙን አሰናብቶ ሌላ ቀጠረ። ቀደም ሲል ተጫዋቾቻችን 70ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ይተሳሰር ነበር፤ አዲሱ ሰው ከመጡ ገና ስድስት ሳምንት ቢሆናቸው ነው፣ ልጆቹ ግን እስከ ጭማሪው ሰዓት ድረስ ይሮጣሉ። ጋዜጦች ምስጋናውን ሁሉ የሚሰጡት ለአዲሱ የምግብ ዝርዝርና ለጥብቁ ሥርዓት ነው። አብሮኝ ጨዋታ የሚያይ ጓደኛዬ ደግሞ «ዕድላቸው ተመልሶ ነው እንጂ የሰው አካል በስድስት ሳምንት አይለወጥም» ይለኛል። ማንኛችን ነን ትክክል? ዕድሜያቸው ከ30 በላይ የሆኑት ተጫዋቾቻችንስ ከዚህ ለውጥ የሚያገኙት ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ስለ ዕድል ያሉት ነገር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ክለብ አሠልጣኙን የሚያሰናብተው ውጤቱ እጅግ በከፋበት ሰሞን ነው፤ እንዲህ ያለው ሰሞን ደግሞ ብዙ ጊዜ የቁልፍ ተጫዋቾች ጉዳት፣ ከባድ ተጋጣሚዎችና የግብ ብረት የመለሳቸው ኳሶች በአንድ ወር ተደራርበው የሚያመጡት ስለሆነ፣ ማንም ምንም ባያደርግ እንኳ ሻል ያለ ጊዜ መከተሉ አይቀርም። በኔዘርላንድስ ከፍተኛ ሊግ ከአሥር በላይ የውድድር ዓመታትን የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ በዓመቱ መሐል አሠልጣኝ የቀየሩ ክለቦችን ተመሳሳይ የሽንፈት ጉዞ ደርሶባቸው አሠልጣኛቸውን ካቆዩት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሁለቱም ወገኖች በተቀራራቢ መጠን እንዳገገሙ አግኝተዋል።

የሰው አካል በስድስት ሳምንት አይለወጥም የሚለው ግን ስሕተት ነው። አካል ሁሉ ነገሩ በአንድ ፍጥነት አይለወጥም እንጂ፣ አንዳንዱ ነገሩ በቀናት ውስጥ ይለወጣል። የውኃና የኃይል ክምችት የዚህ ዓይነት ነው፤ ሳይበላና ሳይጠጣ ወደ ሜዳ ይገባ የነበረ ተጫዋች በአግባቡ በልቶና ጠጥቶ ሲገባ ልዩነቱን በመጀመሪያው ጨዋታ ያየዋል። የልብና የሳንባ አቅም ሳምንታት ይወስዳል። በ2001 በታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት ወጣት ተጫዋቾች ከተለመደው ልምምዳቸው በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ8 ሳምንታት፣ 4 ደቂቃ ጠንክረው እየሮጡና 3 ደቂቃ በዝግታ እያገገሙ አራት አራት ዙር ሠሩ፤ ጠንክሮ መሮጥ ሲባል የልብ ምታቸው ከመጨረሻው ጣሪያ ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲደርስ ነበር። ስምንቱ ሳምንታት ሲያልቁ በጨዋታ የሚሸፍኑት ርቀት በ20 በመቶ አድጎ፣ የፍጥነት ሩጫዎቻቸው ቁጥርም እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የጡንቻና የጅማት ጥንካሬ ከዚህ ይዘገያል፤ ወራትን ይጠይቃል። ስለዚህ እርስዎ በስድስት ሳምንት ያዩት መሻሻል፣ በተለይ ተጫዋቾቹ ቀድሞ የሚበሉትና የሚተኙት ያለ ሥርዓት ከነበረ፣ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ዘላቂነቱን የሚያውቁት ግን በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ነው።

ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ተጫዋቾች ላነሡት ጥያቄ ከአርሰን ቬንገር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቬንገር በ1996 መኸር ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ኤይት ወደ አርሴናል ሲመጡ፣ በእንግሊዝ ክለቦች ከጨዋታ በኋላ አብሮ መጠጣት እንደ ነውር የማይታይ የቆየ ልማድ ነበር። እርሳቸው የተቀቀለ አትክልት፣ ዓሣ፣ ዶሮና ፓስታ በገበታው ላይ አስቀመጡ፤ ጡንቻን የማፍታታት እንቅስቃሴን የየዕለት ሥራ አደረጉ፤ እያንዳንዱን ልምምድ በሰዓት ለክተው፣ የተመደበው ደቂቃ ሲያልቅ ጨዋታው የቱንም ያህል ቢጥም ያስቆሙ ነበር። ጣፋጭ ነገርን ከቡድኑ ጉዞ አስወጡ፤ ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ «ቸኮሌታችንን መልሱልን» እያሉ ይዘምሩ እንደ ነበር ራሳቸው ኋላ ተናግረዋል። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ኦክቶበር 12 ቀን 1996 ከብላክበርን ጋር አድርገው 2 ለ 0 አሸነፉ።

በ1998 አርሴናል የሊጉንና የኤፍ ኤ ዋንጫን በአንድ ዓመት ሲያነሣ፣ ከኋላ መሥመሩ ስቲቭ ቦውልድ 35፣ ሊ ዲክሰን፣ ናይጄል ዊንተርበርንና ግብ ጠባቂው ዴቪድ ሲማን እያንዳንዳቸው 34፣ አምበሉ ቶኒ አዳምስና ማርቲን ኪዎን 31 ዓመታቸው ነበር። ዲክሰን በ2002 ሌላ ድርብ ዋንጫ አንሥቶ በ38 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ፤ ኪዎን ደግሞ በ2004 ቡድኑ 38 ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ ሊጉን ሲጨርስ በ37 ዓመቱ ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበር። ዕድሜው የገፋ ተጫዋች ከሥርዓት ለውጥ ብዙ የሚያተርፈው፣ ወጣቱ አካል ይቅር የሚለውን ጥፋት የእርሱ አካል ይቅር ስለማይለው ነው።

ይህን ሁሉ ውጤት ለዶሮና ለአትክልት መስጠት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ከተሰላፊዎቹ መካከል ፓትሪክ ቪዬራ፣ ኤማኑኤል ፔቲና ማርክ ኦቨርማርስም ነበሩ፤ ጥሩ አመጋገብ ለተራ አማካይ የቪዬራን እግር አይሰጠውም። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር፣ አዳምስ የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ከመጠጥ ለመላቀቅ ትግል የጀመረው ቬንገር ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፣ በሴፕቴምበር 1996 መሆኑ ነው። አዲሱ አሠልጣኝ የደረሱት አምበሉ ራሱ ለመለወጥ የወሰነበት መልበሻ ክፍል ላይ ነበር። እርስዎም የክለብዎን አሠልጣኝ ሲመዝኑ አምበሉን ቢመለከቱ መልካም ነው፤ አምበሉ ያልተቀበለው ሥርዓት ከልምምድ ሜዳው በር አልፎ ወደ ተጫዋቹ ቤት አይገባም።

ጥያቄ፦ አማካይ ተጫዋች ነኝ፤ ገና 20 ዓመቴ ስለሆነ አንተ ይበሉኝ። አዲሱ አሠልጣኛችን ሰኞ ሰኞ ጠዋት መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁላችንንም በጓደኞቻችን ፊት ይመዝኑናል፤ ክብደቱ የጨመረ ይቀጣል። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ድንች ከልክለውናል። ከ75 ኪሎ ተነሥቼ በሁለት ወር ውስጥ 70 ገብቻለሁ። አሠልጣኙ እንደ ጥሩ ምሳሌ ያነሡኛል፤ እኔ ግን ከእረፍት በኋላ እግሬ አልታዘዝ እያለኝ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ጉንፋኑም አለቀቀኝም። ሰንፌ ነው ወይስ ሌላ ችግር አለብኝ?

መልስ፦ አልሰነፍክም። የጻፍካቸው ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም የእግር መክዳት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የማይለቅ ጉንፋን፣ ሠርቶ ከሚያወጣው ያነሰ ምግብ የሚያገኝ አካል የሚሰጣቸው ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመህ የቡድኑን ሐኪም፣ እርሱ ከሌለም ሌላ ሐኪም እንድታይ በብርቱ እመክርሃለሁ፤ ይህ ሁኔታ ለወራት ከዘለቀ የሆርሞን መዛባትንና የአጥንት መሰንጠቅን ሊያመጣ ይችላልና።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። በአንድ ጨዋታ ተጫዋች በአማካይ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ አማካዮች ደግሞ ብዙ ከሚሮጡት መካከል ናቸው። ለፈጣኑ ሩጫ የሚያገለግለው ዋናው ነዳጅ ግላይኮጅን ይባላል፤ ሰውነት ከዳቦ፣ ከሩዝ፣ ከፓስታና ከድንች የሚያገኘውን ካርቦሃይድሬት በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚያስቀምጥበት መልክ ነው። ክምችቱ ውሱን ነው። ስዊድናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቤንግት ሳልቲን በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጡንቻቸው ውስጥ ያለው ግላይኮጅን ሳይሞላ ጨዋታ የጀመሩ ተጫዋቾች ሞልቶ ከጀመሩት ያነሰ ርቀት እንደሸፈኑና ከዚያም ውስጥ ብዙውን በእርምጃ እንዳሳለፉ አሳይቷል። ከእረፍት በኋላ አልታዘዝ ያለህ እግር ከሃምሳ ዓመት በፊት ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው።

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ያሰባሰባቸው የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ያወጡት ምክር በጨዋታ ዋዜማ፣ በጨዋታው ዕለትና በማግሥቱ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክብደት ኪሎ ከ6 እስከ 8 ግራም ካርቦሃይድሬት መመገብ እንደሚገባ ይናገራል። አሁን ባለህበት 70 ኪሎ እንኳ ከ420 እስከ 560 ግራም ማለት ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ ሰሐን የተቀቀለ ሩዝ በግምት 85 ግራም ካርቦሃይድሬት ስለሚሰጥ፣ የዝቅተኛው መጠን ብቻ በአንድ ቀን ውስጥ ከተከፋፈሉ አምስት ሰሐኖች ጋር ይተካከላል። ልምምዱ ቀላል በሆነበት ቀን መጠኑ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ምግቡን ከሥራው ጋር ከፍና ዝቅ ማድረግ ማለት ይህ ነው። የፕሮቲኑ መጠን ከዚህ ያነሰ ሆኖ በየቀኑ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም በኪሎ ነው። ከጨዋታው በፊት ያለው ዋና ምግብ ጨዋታው ከመጀመሩ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ይበላል፤ ጨዋታው እንዳለቀም ለመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት በየሰዓቱ 1 ግራም በኪሎ ያህል ካርቦሃይድሬት መውሰድ የባከነውን በፍጥነት ይመልሳል።

በአካል ብቃት አሠልጣኝነት ስሠራ የገጠመኝን ላንሣልህ። አንድ የመሥመር ተከላካይ ነበረን፤ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ባቱ ይኮማተርና ሣሩ ላይ ይወድቃል፤ እግሩን ወደ ላይ አንሥተን ጣቶቹን ወደ ራሱ እየገፋን ማፍታታት የየሳምንቱ ሥራችን ሆኖ ነበር። ተጨማሪ ሩጫ ሰጠነው፤ ባሰበት። አንድ ቀን ከጨዋታ በኋላ ጎኑ ተቀምጬ ከትናንት ማታ ጀምሮ ወደ አፉ ያስገባውን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ጥቂት ካሰበ በኋላ «ሻይ» አለኝ። ጨዋታ ባለበት ቀን ሆዱ በፍርሃት ስለሚቆለፍ ምንም አይበላም ነበር፤ የጠየቀውም ሰው አልነበረም። በዋዜማው ማታ በደንብ እንዲበላ፣ ጠዋት ደግሞ ጥቂት ዳቦ በማርና አንድ ሙዝ ብቻ እንዲወስድ ተስማማን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዘጠናውን ደቂቃ ጨረሰ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም የሚቆጨኝ፣ ሳንጠይቀው በሩጫ የቀጣነው ጊዜ ነው።

ስለ ሚዛኑም አንድ ነገር ልበል። ሚዛን ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የተሳሳተው አጠቃቀሙ ነው። ከልምምድ በፊትና በኋላ፣ ለብቻህ፣ በቀላል ልብስ ብትመዘን ልዩነቱ ያጣኸውን ውኃ ይነግርሃል። 70 ኪሎ ገብቶ 68.2 የወጣ ተጫዋች ከክብደቱ 2.6 በመቶ ገደማ አጥቷል፤ ከ2 በመቶ በላይ ማጣት ደግሞ ብቃትን የሚጎዳ ስለሆነ፣ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ሊትር ቀስ እያለ መጠጣት ይኖርበታል። በሰው ፊት መመዘንና በክብደት መቅጣት ግን ተጫዋቹን ምግብ እንዲደብቅ፣ ለሰኞ ጠዋት ሲል እሑድ ውኃ እንዲጠማ ያስተምረዋል። በዚያ ላይ ሚዛን ስብን ከጡንቻ አይለይም፤ ከአምስቱ ኪሎህ ምን ያህሉ ጡንቻ እንደነበረ ያ ቁጥር አይነግርህም።

አሠልጣኝህ ክፉ አስበዋል ብዬ አላምንም። የተጠበሰ ቅባት የበዛበት ምግብን፣ ጣፋጭና መጠጥን ለመቀነስ ተነሥተው ዋናውን ነዳጅም አብረው ያነሡት ይመስለኛል። ስለዚህ ብቻህን በቁጣ አትሂድ፤ ከአምበሉ ወይም ከሐኪሙ ጋር ሆነህ፣ የሁለት ወሩን ክብደትህን፣ የታመምክባቸውን ቀናትና ተቀይረህ የወጣህባቸውን ደቂቃዎች በወረቀት ይዘህ ግባ። «ሩዙና ድንቹ ከጨዋታ በፊት ባለው ቀንና በጨዋታው ዕለት ይመለስልንና ለአራት ጨዋታ ይመልከቱን» ብሎ መጠየቅ ማንንም የማያስቆጣ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ የአማተር ቡድን በበጎ ፈቃድ አሠለጥናለሁ። ቡድኑን ስረከብ ተጫዋቾቹ ደካሞች ስለነበሩ ልምምዱን በሳምንት ከሁለት ቀን ወደ አምስት አሳደግኩ፤ ኳስ ከመንካታቸው በፊትም ለ40 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ አስሮጣቸዋለሁ። በሦስት ወር ውስጥ አራት ተጫዋቾች በኋላ ታፋ ጡንቻ ጉዳት ወጡብኝ። ገንዘብም ዘመናዊ መሣሪያም የለንም። በዚህ ላይ ምርጡ ግብ አስቆጣሪያችን ሁልጊዜ ያረፍዳል፤ ባስቀምጠው እንሸነፋለን፤ ባሰልፈው ሌሎቹ ያጉረመርማሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጉዳቱ በእርስዎ ቡድን ብቻ የደረሰ እንዳይመስልዎ። የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦችን ጉዳት ከ2001 ጀምሮ የሚከታተለው ጥናት እንደሚያሳየው፣ የኋላ ታፋ ጡንቻ ጉዳት ከጠቅላላው ጉዳት ውስጥ የነበረው ድርሻ ከ12 በመቶ ተነሥቶ በ2021/22 የውድድር ዓመት 24 በመቶ ደርሷል። የእርስዎ ስሕተት ግን የሚታይ ነው፤ የልምምዱን ቀናት በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ አሳድገዋል። ጡንቻ የሚጠነክረው ከልምምድ በኋላ ባለው ዕረፍት ስለሆነ፣ ዕረፍቱን ሲወስዱበት ያደከሙትን ሳያጠነክሩት ይቀራሉ።

ወደ ሦስት ቀን ይመለሱ። ቀጥሎም የእያንዳንዱን ልምምድ ክብደት ያለ መሣሪያ ይለኩ፤ ልምምዱ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ እያንዳንዱን ተጫዋች ለብቻው «ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ከበደህ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱን በልምምዱ ደቂቃዎች ያባዙ። 7 ካለና 90 ደቂቃ ከሠራ 630 ይሆናል። የሳምንቱን ድምር በደብተር ይያዙ፤ ድምሩ ከሳምንት ሳምንት በጥቂቱ እንጂ በዝላይ አይደግ። ታላላቅ ክለቦች ተጫዋቹ ላይ በሚታሰር ጂፒኤስ ከሚሰበስቡት ቁጥር ጎን ይህንኑ ጥያቄ ዛሬም ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱም ማሽኑ የሮጠውን ርቀት እንጂ የተኛበትን ሌሊት አያውቅም።

የ40 ደቂቃውን ሩጫ ሙሉ በሙሉ እንዲተዉት እመክራለሁ። በእርሱ ፋንታ ፊፋ «11+» ብሎ ያዘጋጀውን የማሟሟቂያ መርሐ ግብር ይጠቀሙ፤ 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ በሩጫ፣ በጥንካሬ፣ በዝላይና በሚዛን ጥበቃ እንቅስቃሴዎች የተዋቀረ፣ ከሜዳ ምልክትና ከኳስ በቀር ምንም የማይጠይቅ ነው። በኖርዌይ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት ጠቅላላ ጉዳትን በሲሶ ገደማ፣ ከባድ ጉዳትን ደግሞ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ለኋላ ታፋ ደግሞ ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ አለ፤ ተጫዋቹ በጉልበቱ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ከኋላ አጥብቆ ይይዝለታል፣ እርሱም ከጉልበቱ እስከ ትከሻው ቀጥ እንዳለ በተቻለው መጠን ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል፤ መያዝ ሲያቅተው በእጁ ይቀበላል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ አምስት አምስት ጊዜ በሁለት ዙር ይበቃል፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ቀስ በቀስ ይጨምራል። በተለያዩ ጥናቶች ይህ እንቅስቃሴ የዚህን ጡንቻ ጉዳት በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል። የጡንቻ ሕመም ስለሚያመጣ ግን ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን እንዳያሠሩት።

ትንፋሹን ለማሳደግ በጠባብ ሜዳ አራት ለአራት ያጫውቷቸው፤ አራት ደቂቃ ጨዋታ፣ ሦስት ደቂቃ በዝግታ መንቀሳቀስ፣ አራት ዙር። ኳስ በወጣ ቁጥር ከጎንዎ ሌላ ኳስ ወዲያው ይወርውሩ፤ ጨዋታው ከተቋረጠ የልብ ምቱ ይወርዳልና።

አሁን ወደ ግብ አስቆጣሪዎ። አሌክስ ፈርጉሰን በኖቬምበር 1986 ማንቸስተር ዩናይትድን ሲረከቡ መጠጥ የተለመደበት ቡድን ነበር ያገኙት። በ1989 ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾችን፣ ኖርማን ዋይትሳይድንና ፖል ማክግራዝን ሸጡ። ሁለቱም የጉልበት ጉዳት የጸናባቸው፣ ከመጠጥም ጋር ስማቸው የሚነሣ ነበሩ። ቡድኑ በ1990 የኤፍ ኤ ዋንጫን፣ በ1993 ደግሞ ሊጉን አሸነፈ፤ አሠልጣኙ ከመጡ ስድስት ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ማክግራዝ ወደ አስቶን ቪላ ሄዶ፣ ጉልበቱ ስለማይችል ልምምዱ እጅግ ተቀንሶለት ጨዋታ ጨዋታውን ብቻ እንዲጫወት ተደረገ፤ በዚያው በ1993 በተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፣ ቪላም ከዩናይትድ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። እኔ ይህን ታሪክ ሳስበው ፈርጉሰንን ጥፋተኛ አላደርጋቸውም፤ ቡድኑን ከልማዱ ለማላቀቅ መቁረጥ ነበረባቸው። ሆኖም ለአንድ ሰው የተለየ ዝግጅት ማድረግና ለአንድ ሰው ሕግን ማጠፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ቪላ አሳይቷል፤ የማክግራዝ ጓደኞች ስለ ጉልበቱ ያውቁ ስለነበር ከልምምድ መቅረቱ የማንንም ልብ አልሰበረም።

ስለዚህ ልጁን በመጀመሪያ ለብቻው ይጠይቁት። አማተር ተጫዋች ደመወዝ የለውም፤ ሥራ፣ ትምህርት ወይም የታመመ ወላጅ ሊኖርበት ይችላል። በቂ ምክንያት ካለው ሰዓቱን ያመቻቹለት፤ ምክንያቱንም በፈቃዱ ለጓደኞቹ ይንገር። ምክንያት ከሌለው ደግሞ ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀምጠው አራት ወይም አምስት ሕጎች በጽሑፍ ያውጡ፤ ለምሳሌ ሁለት ጊዜ ያረፈደ በሚቀጥለው ጨዋታ በተቀያሪ ወንበር ይጀምራል የሚል። በዚያ ወረቀት ላይ እርስዎ ሲያረፍዱ የሚደርስብዎትም ይጻፍ። ሕጉ ሲጣስ ከሽንፈት ጋር የሚያያዝበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ሕጉን ከተዉት ወረቀቱን መቅደድ ይሻላል። ገንዘብ አይቅጡ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሩጫ አይቅጡ። ሩጫ ቅጣት በሆነበት ቡድን ውስጥ ተጫዋች ሩጫን መጥላት ይማራል፣ እርስዎም በደብተርዎ ያልያዙት ድካም በጡንቻው ላይ ይጨመራል፤ አራቱ ጉዳተኞችዎ ይህን ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነው። አዲሱ አሠልጣኝ ሁሉም ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንዲተኛ አዘዋል፤ ክለቡም በስልክ እየደወለ ያረጋግጣል። የማታ ጨዋታ ባለበት ቀን ግን ባለቤቴ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዓይኑን አይከድንም፤ በማግሥቱ ማለዳ ደግሞ ልምምድ አለ። ትእዛዙን እንደጣሰ ተቆጥሮ እንዳይቀጣ እሰጋለሁ።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ትእዛዝ አልጣሱም። በማታ ጨዋታ የተነሣሣው ሆርሞን፣ ከፍ ያለው የሰውነት ሙቀትና የስታዲየሙ ኃይለኛ መብራት ተደማምረው እንቅልፍን በሰዓታት ይገፉታል፤ ከጨዋታ በፊት ቡና ወይም ካፌይን ያለበት ነገር ከጠጡ ደግሞ ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደማቸው ውስጥ ይኖራል። እንዲያንቀላፉ ማዘዝ አይቻልም፤ ሁኔታውን ማመቻቸት ግን ይቻላል። ቤት ሲገቡ መብራቱ ደብዘዝ ይበል፤ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን ያለበት እራት በልተው በሞቀ ውኃ ይታጠቡ፤ ስልኩና የጨዋታው ቪዲዮ እስከ ጠዋት ይቆይ። በማግሥቱ ቀትር ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማሸለብ ይረዳቸዋል።

አዋቂ ሰው በሌሊት ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አሠልጣኙን መጠየቅ የሚገባው፣ የማታ ጨዋታ በተደረገ ማግሥት የማገገሚያው ልምምድ ወደ ረፋድ ወይም ወደ ከሰዓት በኋላ እንዲዛወር ነው፤ ጥያቄውም ከአንድ ተጫዋች ይልቅ ከሐኪሙና ከአካል ብቃት አሠልጣኙ ቢመጣ ይሻላል። ታላላቅ ክለቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ዋናው አሠልጣኝና የሕክምናው ክፍል በደንብ በማይነጋገሩበት ክለብ ጉዳት እንደሚበዛ አግኝተዋል። ባለቤትዎም ለሁለት ሳምንት ያህል የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት፣ ሲነሡም የተሰማቸውን ድካም ከ1 እስከ 5 በሆነ ቁጥር እየጻፉ ይያዙ፤ የማታ ጨዋታ የተደረገባቸውን ቀናት ያክብቡባቸውና ወረቀቱን ለሐኪሙ ይስጡት።